ሲኤንሲ ቶርኖ ላይ ኤክሰንትሪክ ሻፍት ማውጣት፦ 5 ሚሊ ላሜራ ለምን 5 አልሰጠም?

ጥያቄ፦ «ደብረ ብርሃን ወርክሾፕ አለኝ። ኤክስና ዜድ (ወደ መሐልና በርዝመት የሚሄዱ ሁለት አክሲስ) ብቻ ባለው ሲኤንሲ፣ ማለት በኮምፒውተር በሚታዘዝ፣ ቶርኖ ነው የምንሠራው። ከእነዋሪ አንድ የእህል ማበጠሪያ ማሽን መጣልኝ፤ ወንፊቱን የሚያንቀሳቅሰው ሻፍት ተበልቷል። ርዝመቱ 350 ሚሊ ነው። ሁለቱ ጫፎች 40 ሚሊ የኩሽኔታ መቀመጫ ናቸው፤ መካከለኛው ክፍል 60 ሚሊ ሆኖ የራሱ መሐል ከጫፎቹ መሐል በ5 ሚሊ የወጣ (ኤክሰንትሪክ) ነው። ፕሮግራሙ ላይ ኤክስን በ5 ሚሊ አስፍቼ ብሞክር ያው ቀጥ ያለ ክብ ወጣ፤ ዲያሜትሩ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ በ60 ሚሊ ቁራጭ ላይ አንዱ የቻክ (ብረቱን የሚጨብጠው) መንጋጋ ሥር 5 ሚሊ ላሜራ አስገብቼ ዳያል ጌጅ (መወዛወዝን የሚለካ ሰዓት) ሳስጠጋ 6.9 አነበበ። 5ም አይደለም፣ 10ም አይደለም። ማሽኑ ተበላሽቶ ነው? ወይስ ይህ ሥራ በሁለት አክሲስ አይሠራም?»

ማሽኑ አልተበላሸም። እንዲያውም 6.9 ማንበቡ ማሽኑም ዳያል ጌጁም ጤነኛ መሆናቸውን ያሳያል። ሥራው በሁለት አክሲስ ይሠራል፤ ግን እርስዎ በጀመሩበት መንገድ አይደለም።

በመጀመሪያ ኤክስን ስለማስፋት። ቶርኖ፣ ሲኤንሲም ይሁን በእጅ የሚሠራው፣ የሚያውቀው አንድ መሐል ብቻ ነው፤ ስፒንድሉ (ብረቱን የሚያዞረው ዘንግ) የሚዞርበትን። የሚዞረው ብረቱ ስለሆነ መቁረጫው የነካው ሁሉ በዚያው መሐል ዙሪያ ክብ ሆኖ ይወጣል። ኤክስን 5 ሚሊ ሲያሰፉ መቁረጫው ከመሐል ይርቃል፤ የሚያገኙት ወፍራም ክብ ነው እንጂ ከመሐል የወጣ ክብ አይደለም። ኦፍሴት (የመቁረጫው ቦታ ማስተካከያ) ላይ የሚጻፍ ምንም ቁጥር ይህን አይለውጥም። ከመሐል የወጣ ክብ የሚገኘው ወይ ብረቱ ራሱ ከስፒንድሉ መሐል ወጥቶ ሲታሰር፣ ወይ መቁረጫው ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ነው። ሁለተኛውን የሚሠሩ ማሽኖች አሉ፤ ነገር ግን ለዚሁ ተብሎ የተገጠመላቸው ናቸው። በደቂቃ 600 ዙር ቢሄዱ መቁረጫው በሰከንድ 10 ጊዜ የ10 ሚሊ ምልልስ ማድረግ ይኖርበታል፤ የሚጠይቀው ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት እጥፍ ያህል ይደርሳል። የተራ ቶርኖ ኤክስ አክሲስ ያንን ተከትሎ ልክ አይጠብቅም። ሲ አክሲስ (ስፒንድሉን በዲግሪ የሚቆጣጠር) እና የሚዞር መቁረጫ ያለው ማሽን ደግሞ ብረቱን ቀስ እያለ እያዞረ እንደ ፍሬዛ ይጠርበዋል። ጥሩ መንገድ ነው፤ የእርስዎ ማሽን ግን ይህ የለውም። ስለዚህ የቀረን ብረቱን ከመሐል አውጥቶ ማሰር ነው።

አሁን ወደ 6.9። ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ላይ መንጋጋዎቹ እኩል ነው የሚሄዱት። አንዱ ሥር ላሜራ ሲያስገቡ ብረቱ ወደ ሌሎቹ ሁለቱ ይገፋል፤ ሁለቱ ቦታ ለመስጠት ሲሸሹ ላሜራ ያለበትም አብሯቸው ይሸሻል። በዚህ ምክንያት ከላሜራው ውፍረት ወደ መሐል ርቀት የሚለወጠው ሁለት ሦስተኛው ገደማ ብቻ ነው። የእርስዎ 5 ሚሊ ላሜራ የሰጠው 3.4 ሚሊ ግድም ነው። ዳያል ጌጁ ደግሞ የሚያነበው ከዝቅተኛው ነጥብ እስከ ከፍተኛው ያለውን ስለሆነ እጥፉን፣ 6.9ን አሳየ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የሚፈልጉትን የመሐል ርቀት በ1.5 ያባዙ። ከዚያ ላይ የርቀቱን ካሬ በ0.75 አባዝተው በብረቱ ዲያሜትር ያካፈሉትን ይቀንሱ። ለ5 ሚሊ ርቀትና ለ60 ሚሊ ብረት 7.5 ሲቀነስ 0.31፣ ማለት 7.19 ሚሊ ይሆናል። ቅናሹ መንጋጋው ብረቱን በጠባብ መስመር እንደሚነካ ቆጥሮ የተሠራ ነው። የመንጋጋው ፊት ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ መልሱ ወደ 7.5 ይጠጋል። ስለዚህ ቁጥሩን መነሻ ያድርጉት፤ ከዚያ ለክተው ያርሙ።

ሲለኩ የሚያሳስቱ ሦስት ቁጥሮች አሉና ልብ ይበሉ። የመሐል ርቀቱ 5 ሲሆን ዳያል ጌጁ 10 ይላል፤ የማሽኑ ስክሪን ደግሞ 20 ይላል፤ ኤክስ በዲያሜትር ስለሚያሳይ። ብዙዎቻችን ጋ ያለው ዳያል ጌጅ ጠቅላላ ጉዞው 10 ሚሊ ስለሆነ እዚህ ሥራ ላይ ጫፍ ይመታል፤ ጫፉ ላይ የተነበበ ደግሞ አይታመንም። ስለዚህ ዳያል ጌጁን የርቀት መለኪያ ሳይሆን የዜሮ ምልክት ያድርጉት። ተሬቱ (የመቁረጫዎቹ መያዣ) ላይ ይሰሩት፤ ከፍተኛው ነጥብ ላይ አንድ ሚሊ ያህል ጨቁነው ዜሮ ያድርጉና ስክሪኑ ላይ ያለውን የኤክስ ቁጥር ይጻፉ። መልሰው ያርቁት፤ ቻኩን በእጅ ግማሽ ዙር አዙረው ዝቅተኛው ነጥብ ላይ ያው ዜሮ እስኪመጣ በሃንድል ያስጠጉ። ሁለቱም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ ወደ መሐል እየሄዱ ይድረሱበት፤ አለበለዚያ የብሎኑ ላፋ (ልል ክፍተት) ንባቡ ውስጥ ይገባል። የሁለቱ የኤክስ ቁጥሮች ልዩነት 20.00 ከሆነ የመሐል ርቀትዎ 5.00 ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ግን ሻፍትዎን በላሜራ እንዳይሠሩት ነው የምመክረው። ጥያቄዎ ሙሉ በሙሉ 5 ሚሊዋ ላይ ያተኮረ ነው፤ እዚህ ሻፍት ላይ ግን በጣም ልል የሆነው ልክ እሷ ናት። ወንፊቱ 10 ሚሊ መመላለሱ ቀርቶ 10.2 ቢመላለስ የጅሩ ስንዴ ልዩነቱን አያውቀውም። ይቅርታ የማያውቁት ሁለቱ 40 ሚሊ መቀመጫዎች ናቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መሐል ከሌላቸው ሻፍቱ በየዙሩ ኩሽኔታዎቹን ያጣምማል፤ ግራሶ ቢሞሉት፣ ውድ ኩሽኔታ ቢገዙለት አይድንም። ላሜራ ደግሞ ይህን ነው የሚያበላሸው። አንዱን ጫፍ አውጥተው ሻፍቱን ሲገለብጡ ላሜራው በትክክል በዚያው አቅጣጫና በዚያው ውፍረት አይገባልዎትም። በተጨማሪ 350 ሚሊ ርዝመት ያለው ብረት በአንድ በኩል ላሜራ ላይ ሲያርፍ ሩቁ ጫፍ ያዘነብላል።

ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን እንዲህ ዓይነት ሻፍት በላሜራ አውጥቼ ገልብጬ ጨረስኩ፤ ዲያሜትሩ በማይክሮሜትር ልክ ነበር፣ ደስ ብሎኝ አስረከብኩ። ብዙም ሳይቆይ ኩሽኔታው ጮኸና ተመለሰ። በሁለት ቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጬ በእጄ ሳዞረው አንዱ ጫፍ ሌላውን አይከተልም፤ ዳያል ጌጁ 0.4 ያወዛውዛል። ባለቤቱ የመከር ሥራ ቆሞበት አጠገቤ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው መጀመሪያ ጥያቄ «መሐሉ ስንት ወጥቷል?» ሳይሆን «ሁለቱ መቀመጫዎች በአንድ መሐል እንዴት ይወጣሉ?» የሚል ነው።

ለእርስዎ ሥራ መልሱ ይህ ነው፦ ሻፍቱን ከአንድ ብረት አያውጡት። ቀጥ ያለ 40 ሚሊ ሻፍት ይሥሩና ከመሐል የወጣውን ክፍል ለብቻው ቡሺንግ (ሻፍቱ ላይ የሚጠልቅ ቀለበት) አድርገው በኪይ (ሁለቱን አያይዞ በሚያዞር የብረት ሽብልቅ) ይግጠሙበት። ቀጥ ያለ ሻፍት ሲኤንሲዎ ጥሩ አድርጎ የሚሠራው ሥራ ነው፤ በሁለት ሴንተር (ጫፎቹ ላይ በተበሱ ጉድጓዶች የሚገቡ ሾጣጣ ደጋፊዎች) መካከል ሲወጣ የሁለቱ መቀመጫዎች ነገር ያለቀ ነው። ቡሺንጉ ደግሞ አጭር ስለሆነ መገልበጥ አያስፈልገውም፤ ቢያዘነብልም በቀላሉ ይታረማል። ወደፊት የቢየላው (ወንፊቱን የሚገፋው ክንድ) መቀመጫ ሲበላ የሚቀየረው አንድ ኪሎ የማይሞላ ቁራጭ ነው እንጂ ሙሉ ሻፍት አይደለም። ወንፊት ቀላል ጭነት ነው፤ ኪይ ይችለዋል።

ልኮቹን ልስጥ። ሻፍቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሆኖ በ40.00 እና በ39.984 መካከል ይቆይ። ማሽኑ በፒሎ ብሎክ (ኩሽኔታ ያለበት የሚታሰር ቤት) የሚታሰር ከሆነ ዩሲፒ 208 በዚህ ልክ ላይ ይገባል፤ ትንሽ የአቀማመጥ መዛባትም ራሱን አስተካክሎ ይሸከማል። ቡሺንጉ ውስጡ 40 (ከ40.000 እስከ 40.025)፣ ውጩ 60 ይሁን። ላዩ ላይ 6212 ኩሽኔታ የሚቀመጥ ከሆነ ውጩን ከ60.002 እስከ 60.021 ያድርጉት። ርዝመቱን ከኩሽኔታው 22 ሚሊ ወርድ ያስበልጡ፣ 45 ያህል፤ የትርፉን ምክንያት በኋላ እነግርዎታለሁ። ግድግዳው በቀጭኑ በኩል 5 ሚሊ፣ በወፍራሙ 15 ሚሊ ይሆናል። ኪዩ በ40 ሚሊ ሻፍት 12 በ8 ነው፤ ሻፍቱ ውስጥ 5 ሚሊ፣ ቡሺንጉ ውስጥ 3.3 ሚሊ ይገባል። የኪዩን ቦይ ያለ ምንም ማመንታት በወፍራሙ በኩል ያውጡ። በቀጭኑ በኩል ቢወጣ የሚቀረው ግድግዳ 1.7 ሚሊ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ሊሰነጠቅ ይችላል። ቦዩ የሚወጣው በስሎተር (ቦይ በሚፍቅ ማሽን) ነው። ስሎተር ከሌለ ቶርኖው ላይ ስፒንድሉን ቆልፎ በዜድ እየገፉ መፋቅ ይቻላል፤ ግን በአንድ ምት ከ0.05 ሚሊ አይለፉ። ስፒንድሉ ጠንካራ ፍሬን ከሌለው ደግሞ አይሞክሩት፤ ኳስ ብሎኑ (አክሲሱን የሚነዳው) እና የስፒንድሉ ኩሽኔታ ከዚህ ቡሺንግ ብዙ እጥፍ ይከፈልባቸዋል።

ቡሺንጉን ለመሥራት፣ ወርክሾፑ ጥግ ላይ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ ያለው የድሮ ቶርኖ ካለዎት ወደዚያ ይውሰዱት። ለአንድ ፍሬ የሲኤንሲውን ሃይድሮሊክ ቻክ መፍታት ትርፍ ድካም ነው። መጀመሪያ ውጩን 60 አውጥተው ይጨርሱና በ46 ይቁረጡት። ከዚያ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብቻው በሚሄድበት ቻክ ላይ በመንጋጋዎቹ ሥር ስስ መዳብ አድርገው ይሰሩት፤ የተጨረሰው ፊት እንዳይቧጨር። ሁለቱን ተቃራኒ መንጋጋዎች እኩል ይያዟቸው፤ ከቀሩት ሁለቱ አንዱን ፈታ፣ ሌላውን ጠበቅ እያደረጉ ብረቱን 5 ሚሊ ያውጡ። የድሮው ቶርኖ ስክሪን ከሌለው የመስቀለኛውን እጀታ ክፍፍል ይጠቀሙ፤ ክፍፍሉ በዲያሜትር ነው ወይስ በራዲየስ የሚቆጥረው የሚለውን ግን ቀድመው ያረጋግጡ። የመሐል ርቀቱ ሲስማማ ሥራው አላለቀም። ዳያል ጌጁን ከፍተኛው ነጥብ ላይ አድርገው በርዝመቱ፣ ከቻኩ አጠገብ እስከ ጫፉ፣ ያስኪዱት። ከ0.02 በላይ ከተንቀሳቀሰ ቡሺንጉ አዘንብሏል፤ ቀዳዳው ጠማማ ይሆናል። በመዳብ መዶሻ መታ መታ አድርገው ያስተካክሉ፤ እንደገና ያጥብቁ፤ እንደገና ይለኩ። ይህ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ቢወስድ አይቆጭም።

ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። የሚቦረቦረው ቀዳዳ አሁን ስፒንድሉ መሐል ላይ ስለሆነ ትሪቢያው (መብሻው) ቀጥ ብሎ ይገባል፤ የቦሪንጉ መቁረጫም ሳይቋረጥ ይቆርጣል። ከመሐል የወጣ ውጫዊ ክብ ሲወጣ የሚኖረው ማንኳኳት እዚህ የለም። እስከ 38 በስተው የቀረውን በቦሪንግ ባር ወደ 40 ያድርሱት። ከቻኩ ሳያወርዱ ሻፍቱን አስገብተው ይሞክሩ፤ አንዴ ከወረደ ያን ቦታ መልሰው አያገኙትም።

ደብረ ብርሃን በተለይ በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ውርጭ ነው፤ እንደ ገቡ የለኩት ልክ ረፋድ ላይ ይለወጣል። ማሽኑን 20 ደቂቃ ያህል ባዶውን አዙረው ያሙቁት፤ ማይክሮሜትሩና ብረቱም አንድ ክፍል ውስጥ ይደሩ። የ0.02 ልክ የሚበላሸው በዚህ ነው።

10 ወይም 20 ቡሺንግ ቢታዘዝዎት ሲኤንሲው ዋጋ አለው። 100 ሚሊ ውጪ ያለው ወፍራም ቀለበት ይሥሩ፤ 60 ሚሊ ቀዳዳውን 5 ሚሊ ከመሐል አውጥተው ይቦርቡሩት፤ በርዝመቱ አንድ ቦታ በመጋዝ ይሰንጥቁት። ቀለበቱን ሦስቱ መንጋጋዎች ሲጨብጡት ውስጡ ያለውን ቡሺንግ እሱ ይጨብጣል፤ እያንዳንዱ ፍሬ ያለ መለካት በዚያው 5 ሚሊ ይወጣል። መንጋጋዎቹ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ እንዲይዙት ቀለበቱ ላይ ምልክት ያድርጉ።

ከአንድ ብረት ማውጣት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ለምሳሌ የድንጋይ መፍጫ ሻፍት። ያ ምት የሚሸከም ሥራ ስለሆነ ኪይ አይታመንበትም። ያኔ የሚሠራው በሁለት ጥንድ ሴንተር ነው፤ ልኮቹን በእርስዎ ሻፍት ላስረዳ። ከ65 ሚሊ ብረት 370 ይቁረጡ። መጀመሪያ በብረቱ በራሱ መሐል ሴንተር በስተው 60ውን ያውጡ፤ ወፍራሙ ክፍል ዋናው፣ ቀጭኖቹ ጫፎች ደግሞ ከመሐል የወጡት እንደሆኑ አድርገው ያስቡት። በተቃራኒው ቢሄዱ 70 ሚሊ ብረት ያስፈልግዎት ነበር። ከዚያ በሁለቱም ጫፍ 10 ሚሊ ቆርጠው የመጀመሪያዎቹን ሴንተሮች ያጥፏቸው። ይህን የምለው 5 ሚሊ ተራርቀው ሁለት ደህና ሴንተሮች አንድ ፊት ላይ ስለማይበቁ ነው፤ የ2.5 ሴንተር ድሪል አፍ 5.3 ሚሊ ይሰፋል፣ አንዱ ሌላውን ይበላል። አዲሶቹን ሴንተሮች ከ60ው ፊት እየለኩ 5 ሚሊ አውጥተው በፍሬዛ ይብሱ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ መሆናቸውን አንድ ቀጭን ጠፍጣፋ ምልክት ይመስክርልዎት። በአቅጣጫ 1 ዲግሪ ቢሳሳቱ ጫፍ ከጫፍ 0.09 ሚሊ ያህል ይለያያል፤ መጠነኛ ነው። ሁለቱ መቀመጫዎች ግን በአንድ ጥንድ ሴንተር ላይ ስለሚወጡ ሻፍቱን ቢገለብጡትም አንድ መሐል አላቸው።

እዚህ ላይ ሁለት አደጋዎች አሉ። 60 ሚሊ የነበረው ብረት አሁን ሲዞር 70 ሚሊ ቦታ ይይዛል። ፕሮግራሙ ላይ ጥሬው 60 ነው ብለው ከጻፉ መቁረጫው በፈጣን ጉዞ ሄዶ የወጣውን ጎን ይመታል፤ መነሻውን ከ74 በታች አያድርጉት። ሁለተኛው ዙሩ ነው። 8 ኪሎ የሚጠጋ ብረት 5 ሚሊ ከመሐል ወጥቶ በደቂቃ 450 ሲዞር የሚጎትተው ጉልበት 9 ኪሎ ያህል ነው፤ በ1,500 ግን 98 ኪሎ አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ጂ 96ን (የመቁረጥ ፍጥነቱ እኩል እንዲሆን ዙሩን የሚለዋውጠውን ትእዛዝ) ትተው በጂ 97 ቋሚ 450 ዙር ይስጡት። ጂ 96 ከተጠቀሙም በጂ 50 የዙር ጣሪያ ሳያደርጉለት አይጀምሩ፤ መቁረጫው ወደ መሐል በቀረበ ቁጥር ማሽኑ ዙሩን በራሱ ይጨምራልና። መቁረጫው በመጀመሪያዎቹ ዙሮች አንድ ጎን ብቻ እየመታ ስለሚያልፍ ምት የሚችል ደረጃ ያለው፣ አፍንጫው 0.8 የሆነ ኢንሰርት (ተለዋጭ የመቁረጫ ጫፍ) ይምረጡ፤ ጥልቀቱም ከ1.5 ሚሊ አይለፍ። የትከሻውን ማዕዘን ስል አድርገው አይጨርሱ፤ 0.8 ክብነቱ ይቅርለት። እንዲህ ያለ ሻፍት ሲሰበር ስንጥቁ የሚነሳው ከዚያ ነው። መቁረጫው ብረቱ ውስጥ እያለ መብራት ከሄደም፣ ሲመለስ ከቆመበት አያስቀጥሉ። ኢንሰርቱን ይለውጡ፤ ሴንተሩ መጥበቁን ይፈትሹ፤ ዙሩን ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

የእርስዎ ቡሺንግ ተገጥሞ ሲያልቅ ማሽኑ ላይ ከማሰርዎ በፊት ሻፍቱን በሁለት ቪ ብሎክ ላይ ያስቀምጡት። ዳያል ጌጁ በመቀመጫዎቹ ላይ ከ0.02 በላይ መወዛወዝ የለበትም፤ በ60ው ላይ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ነጥብ በ10 ሚሊ አካባቢ ይለያዩ። ቡሺንጉን ከኩሽኔታው ያስረዘምነው ኩሽኔታው በማይሸፍነው ትርፍ በኩል፣ በወፍራሙ ጎን፣ ኪዩን የሚጫን አንድ 8 ሚሊ ብሎን እንዲገባበት ነው፤ ቡሺንጉ በሻፍቱ ላይ ወደ ጎን እንዳይሸሽ ያንን አጥብቀው ይሰሩ።